ለድመት የሚገዛ ምግብና የአስመጪው ኃላፊነት

የእህል መጋዘን ያለው ነጋዴ ሁሉ ድመት አለው። በመርካቶ የጤፍ፥ የበርበሬ፥ የጥራጥሬና የቅመማ ቅመም ማከማቻ ቤቶችን እየተዘዋወረ የተመለከተ ሰው፥ በጆንያ ክምር ላይ ተጋድማ የምታንቀላፋ አንዲት ድመት ሳያይ አይመለስም። ደመወዝ አትጠይቅም፤ ፈቃድ አትወጣም፤ ሌሊት የምትሠራውን ሥራ ግን ዘበኛም ቢሆን ሊተካላት አይችልም። ስለ ምግቧ የሚታሰበው ግን እጅግ ጥቂት ነው። አይጥ ትይዛለች፤ ከልኳንዳ ቤትም ሳንባ ይመጣላታል፤ ከዚህ በላይ ምን ያሻታል ይባላል።

ይሁን እንጂ የድመት ኑሮ እንደ ጥንቱ ብቻ አይደለም። ዛሬ በአዲስ አበባ በፎቅ ላይ ባለ የመኖሪያ ክፍል ውስጥ ከቤተ ሰብ ጋር የምትኖር፥ አይጥ አይታ የማታውቅ፥ ልጆች ስም አውጥተው የሚያሳድጓት ድመትም አለች። ስለዚህም ከውጭ አገር በከረጢትና በቆርቆሮ ታሽጎ የመጣ የድመት ምግብ በትልልቆቹ መደብሮች መደርደሪያ ላይ ይታያል። ያስመጣው ነጋዴ አለ፤ የሚቸረችረው ባለሱቅ አለ፤ የሚገዛው ሰው አለ። የማትናገረው በላተኛዋ ብቻ ናት።

ሰው ጠግቦ ባላደረበት አገር ስለ ድመት ምግብ ጥራት መጻፍ ቅንጦት ነው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ የታወቀ ነው። ተቃውሞው ከቅን ልብ የሚመነጭ ስለ ሆነ በንቀት ሊታለፍ አይገባውም። ነገር ግን በድመት ምግብ ላይ የተፈጸመ አንድ ማታለል ሁለት ዓመት ሳይሞላው በሕፃናት ወተት ውስጥ ተገኝቷል። የመጀመሪያው ነገር በሚገባ ተመርምሮ ትምህርት ተወስዶበት ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ቀድሞ ሊደረስበት በቻለ ነበር። ነገሩ የእንስሳት ወዳጆች ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚቀር ሳይሆን፥ ከባሕር ማዶ ዕቃ የሚያስመጣንና ወደ ባሕር ማዶ የሚልክን ነጋዴ ሁሉ የሚነካ ስለ ሆነ፥ ታሪኩን ከነሰነዱ መከተል ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በማርች 16 ቀን 2007 ሜኑ ፉድስ የተባለው፥ ዋና መሥሪያ ቤቱ በካናዳ የነበረው የድመትና የውሻ ምግብ አምራች ኩባንያ፥ በቆርቆሮና በትንንሽ ከረጢት ያሸገውን ከ60 ሚሊዮን በላይ የሚሆን ምግብ ከሰሜን አሜሪካ ገበያ እንደሚሰበስብ አስታወቀ። ምክንያቱም ምግቡን የበሉ ድመቶችና ውሾች ኩላሊታቸው እየደከመ መሞት ስለ ጀመሩ ነው። በመጀመሪያ የተጠረጠረው የአይጥ መርዝ ነበር፤ ኋላ ግን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር መርማሪዎች በምግቡ ውስጥ ሜላሚን አገኙ። ሜላሚን ማለት የማይሰበር ሳሕንና የጠረጴዛ ገበታ የሚሠራበት ሰው ሠራሽ ቅመም ነው፤ በስሙ የሚጠራው ሳሕንም በብዙ ቤት ይገኛል። እንዲህ ያለው ነገር በድመት ምግብ ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?

መልሱ የሚገኘው በሸቀጡ ዋጋ ውስጥ ነው። የድመቱ ምግብ መረቁ እንዲወፍርና ፕሮቲኑ ከፍ እንዲል የስንዴ ግሉተን ይጨመርበታል። ግሉተን የሚባለው የስንዴ ሊጥ በውሃ ታጥቦ ስታርቹ ሲወጣለት የሚቀረው የሚለጠጥ ነገር ነው፤ ዋጋውም የሚተመነው በያዘው የፕሮቲን መጠን ነው። የፕሮቲኑን መጠን ለማወቅ የተለመደው ዘዴ ደግሞ ፕሮቲኑን ራሱን አይፈልግም። ናይትሮጅን የተባለውን ንጥረ ነገር ይለካና፥ ፕሮቲን ከመቶ 16 ያህሉ ናይትሮጅን ስለ ሆነ፥ ውጤቱን በ6.25 ያበዛዋል። ሜላሚን ከመቶ 66 ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ሒሳቡን ለመሥራት የሚቸገር ነጋዴ አይኖርም፤ አንድ ኪሎ ሜላሚን በመርማሪው መሣሪያ ፊት ከአራት ኪሎ ፕሮቲን በላይ ሆኖ ይቈጠራል። ፕሮቲኑ ያነሰ ተራ የስንዴ ዱቄት ጥቂት ሜላሚን ቢደባለቅበት፥ በወረቀት ላይ አንደኛ ደረጃ ግሉተን ሆኖ ይወጣል።

እንግዲህ ወረቀቱ አልዋሸም ለማለት ይቻላል። የተጠየቀው ናይትሮጅን ነበር፤ ናይትሮጅኑም ነበረ።

በፌብሩዋሪ 2008 በአሜሪካ አገር የተመሠረተው ክስ የዚህን ዕቃ ጉዞ ዘርዝሮ ገልጦታል። ገዢው በላስ ቬጋስ የሚገኘው ኬምኒውትራ የተባለ አስመጪ ድርጅት ነበር። ሻጩ በቻይና በሱዡ ከተማ የሚገኝ፥ ስሙ እንደሚያመለክተው ጨርቃ ጨርቅና የእጅ ጥበብ ሥራ የሚነግድ የአስመጪና የላኪ ኩባንያ ነበር። ግሉተኑን አዘጋጅቶ ለላኪው ያቀረበው ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ድርጅት ነው። ከኖቬምበር 2006 እስከ ፌብሩዋሪ 2007 ባሉት ጥቂት ወራት ከ800 ቶን በላይ የሆነ፥ ዋጋውም ወደ 850,000 ዶላር የሚጠጋ ዕቃ ወደ አሜሪካ ገባ። ክሱ እንደሚለው ላኪው ለአገሩ መንግሥት ባቀረበው መግለጫ ዕቃው ከመጫኑ በፊት የግዴታ ምርመራ ከሚደረግባቸው ሸቀጦች ወገን እንዳልሆነ አድርጎ አስመዝግቦታል። አንድ የመመዝገቢያ ቁጥር በሌላ ቁጥር መተካቱ ዕቃው ማንም ሳያየው መርከብ ላይ እንዲወጣ አበቃው። በጉምሩክ ሥራ ውስጥ የኖረ ሰው ሁሉ ይህ ዓይነቱ ነገር ምን ያህል ጥቂት ቀለም እንደሚፈጅ ያውቃል።

ሜላሚን ብቻውን ቢሆን ጉዳቱ ያን ያህል ባልበረታ ነበር፤ ነገር ግን ሲያኑሪክ አሲድ ከተባለው ተጓዳኙ ጋር ሲገናኝ በኩላሊት ውስጥ እንደ ጠጠር ይረጋና የሽንቱን መውረጃ ይዘጋል። ከእንስሳቱ ባለቤቶች ለምግብና ለመድኃኒት አስተዳደር በደረሰው አቤቱታ መሠረት 1,950 ያህል ድመቶችና 2,200 ያህል ውሾች ሞተዋል። ኬምኒውትራ እኔም የተታለልሁ ነኝ እያለ ተከራክሮ ነበር፤ ይህም እውነት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ በአሜሪካ የምግብ ሕግ ቀላል በሚባለው የወንጀል ክፍል አላወቅሁም ማለት ብቻውን ከጥፋተኛነት አያድንም። ድርጅቱና ባለቤቶቹ በ2009 ጥፋታቸውን አመኑ። እንስሳት የሞቱባቸው ሰዎች ባቀረቡት የፍትሐ ብሔር ክስም የተከሰሱት ድርጅቶች 24 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በ850,000 ዶላር ዕቃ ላይ የተገኘው ትርፍ ስንት እንደ ነበረ መገመት ለማንም አያዳግት፤ ከዚህ ክፍያ አጠገብ ሲቀመጥ ግን ከቶ ስሙም አይነሣ።

በዚህ ነገር ውስጥ ለባለሱቆች ልዩ ትምህርት የሚሆን አንድ ጉዳይ አለ። ያ አንድ አምራች ኩባንያ የሚያሽገው ለብዙ የንግድ ምልክቶች ነበር። ዋጋው ውድ፥ ማሸጊያው ያማረ፥ ስሙ የተከበረ ምግብም፥ ለትልልቅ መደብሮች በርካሽ የሚቀርብ ምግብም ከአንድ አምራች እጅ ይወጡ ነበር፤ ሲሰበሰቡም አብረው ተሰበሰቡ። ስለዚህ ደንበኛው “የተሻለውን ስጠኝ” ሲል፥ ዋጋው የበዛውን አንሥቶ መስጠት የተሻለውን መስጠት ማለት እንዳልሆነ ግልጥ ነው። የምልክቱ ባለቤት አንድ፥ የአምራቹ ስም ሌላ፥ የጥሬ ዕቃው ምንጭ ደግሞ ሦስተኛ ሊሆን ይችላል።

ከዚያም መስከረም ላይ የ2008 ዓመት ነገር መጣ። በቻይና የሳንሉ ኩባንያ በሸጠው የሕፃናት ወተት ዱቄት ውስጥ፥ ኋላም በሌሎች ኩባንያዎች ወተት ውስጥ ያው ሜላሚን ተገኘ። ዘዴውም ያው ነበር፤ በውሃ የቀጠነው ወተት ሲመረመር ናይትሮጅኑ እንዳያንስ ሜላሚን ተጨመረበት። ስድስት ሕፃናት ሞቱ፤ ወደ 300,000 የሚጠጉ ታመሙ። ሳንሉ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሰረ። ውሃ የገባበት ወተት ምን እንደሚመስል ለአዲስ አበባ የቤት እመቤት ማስረዳት አያስፈልግም፤ በቅቤ ውስጥ ሙዝ፥ በበርበሬ ውስጥ ቀይ አፈር ተቀላቅሎ ስለ መሸጡም ሲወራ ያልሰማ የለም። ቀላዩ የሚጀምረው ሁልጊዜ የማይጠይቅ በላተኛ ካለበት ወገን ነው። ድመት አትጠይቅም፤ ሕፃን አይጠይቅም።

ላኪዎች ይህን ታሪክ የአስመጪዎች ብቻ አድርገው እንዳይቈጥሩት ያስፈልጋል። በዚያው በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት አግኝታ ግዢው ክፉኛ መሰናከሉ፥ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም የአውሮፓ ኅብረት ሳልሞኔላ ስለ ተባለው ተሐዋሲ በኢትዮጵያ ሰሊጥ ላይ የወደብ ምርመራ ማጥበቁ የሚታወስ ነው። ዕቃው ወደብ ላይ ተይዞበት፥ የመጋዘን ኪራይ እየቈጠረበት የሰነበተ ላኪ፥ ገዢ የሚሆንበት ቀን ሲመጣ ምን መጠየቅ እንዳለበት ከማንም ይልቅ ያውቃል። የሚያስገርመው ግን ብዙ ጊዜ ያው ሰው ሲያስመጣ የማይጠይቅ መሆኑ ነው።

ከዚህ ላይ ወደ ሥራው መግባት ይገባል። በባንክ መተማመኛ ሰነድ የሚያስመጣ ነጋዴ ሊዘነጋው የማይገባ ነገር ቢኖር፥ ባንክ የሚከፍለው በሰነድ እንጂ በዕቃ አለመሆኑ ነው። ኢንቮይሱ፥ የመጫኛ ሰነዱ፥ የማሸጊያው ዝርዝርና የስሪት አገር ምስክር ወረቀቱ በውሉ እንደ ተጻፈው ሆነው ከቀረቡ፥ በከረጢቱ ውስጥ ያለው ሜላሚንም ቢሆን ባንኩ ይከፍላል። ባንኩን መውቀስ አይቻልም፤ ሥራው ይኸው ነው። ስለዚህ አስመጪው የሚፈልገው ጥራት ሁሉ ሰነድ ሆኖ እንዲቀርብ አስቀድሞ በመተማመኛው ውስጥ መጻፍ አለበት። ያልተጻፈ ነገር አልተጠየቀም ማለት ነው።

የሚጻፈውስ ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ከሻጩ የሚመጣው “የጥራት ምስክር ወረቀት” ሻጩ ራሱ ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ማኅተሙ ያማረ ነው፤ ፊርማው ጎልቶ ይታያል፤ ፕሮቲን ከመቶ ይህን ያህል፥ ስብ ከመቶ ይህን ያህል ይላል። የ2007ቱ ግሉተንም ወረቀት አላነሰውም ነበር። ከዚህ የሚሻለው ከሻጩም ከገዢውም ያልሆነ መርማሪ ዕቃው በሚጫንበት ጊዜ ራሱ ናሙና ወስዶ፥ የናሙናውን የምርት ቁጥር በማሸጊያው ላይ ካለው ቁጥር ጋር አመሳክሮ የሚሰጠው ሰነድ ነው። በሰነዱም ላይ የፕሮቲን መጠን ብቻ ሳይሆን፥ ሜላሚን አለመኖሩ፥ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ከተፈቀደው ልክ አለማለፉ፥ ሳልሞኔላም አለመገኘቱ በየስማቸው መጠቀስ አለበት። በስሙ ያልተፈለገ መርዝ አይገኝም። ሜላሚን እስከ 2007 ድረስ ያልተገኘው የሚሸሸግበት ቦታ ስላለው አልነበረም፤ ማንም ስላልፈለገው ነው እንጂ።

አንዳንድ አስመጪ ይህን ሁሉ ብጠይቅ ሻጩ ትቶኝ ወደ ሌላ ይሄዳል ብሎ ይፈራል። እንዲህ ያለውን ሻጭ ማጣት እንደ ኪሳራ የሚቈጠርበት ምክንያት አይታይም።

ንጽሕናው እንዲህ ከተጠበቀ በኋላ ምግቡ ለድመት የሚስማማ መሆኑ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ድመት ትንሽ ውሻ አይደለችም። ውሻ ከእህልም ከሥጋም ተደባልቆ የቀረበለትን በልቶ ሊኖር ይችላል፤ ድመት ግን በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት። ለልቧና ለዓይኗ የሚያስፈልጋትን ታውሪን የተባለ ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን ሊሠራው አይችልም፤ በአትክልትና በእህል ውስጥም አይገኝም፤ ከሥጋ፥ ከዓሣ፥ ከአይጥ ልታገኘው ግድ ነው። ቫይታሚን ኤ የተባለውንም ከካሮት ልታወጣ አትችልም፤ ከጉበትና ከመሳሰለው ተዘጋጅቶ ሊቀርብላት ይገባል።

ይህ ነገር የታወቀው በቀላሉ አይደለም። ታውሪን የጐደለባት ድመት ዓይኗ እንደሚታወር በ1975 ተረጋግጦ ነበር። በ1987 ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ፖል ፓዮንና ባልደረቦቻቸው፥ ልባቸው እየሰፋና እየደከመ የሚሞቱ ብዙ ድመቶች የታመሙት በታውሪን ጉድለት መሆኑን ሳይንስ በተባለው መጽሔት አስታወቁ። ታውሪን ሲሰጣቸው ብዙዎቹ ዳኑ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን እነዚህ ድመቶች የጓዳ ፍርፋሪ በሊታዎች አለመሆናቸው ነው፤ ይበሉ የነበረው በታወቁ አምራቾች የተዘጋጀ፥ በጊዜው የነበረውን የታውሪን መመዘኛም ያሟላ ምግብ ነበር። መመዘኛው ራሱ ስሕተት ሆኖ ተገኘ። አምራቾቹ መጠኑን ጨመሩ፤ በሽታውም በአጭር ጊዜ ውስጥ እጅግ ቀነሰ። በዚህ ውስጥ ቀላይ አልነበረበትም፤ ወንጀልም አልነበረም። ጠይቆ መማር ብቻ ነበር፤ ነገሩም እንዴት እንደሚታረም ጥሩ ምሳሌ ሆኖ ይቈጠራል።

ዛሬ የአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪ ሹማምንት ማኅበር ባወጣው መመዘኛ፥ የድመት ምግብ እርጥበቱ ተቀንሶ ሲታሰብ፥ ለአደገች ድመት ቢያንስ ከመቶ 26፥ ለግልገልና ለእርጉዝ ከመቶ 30 ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል። ታውሪኑም በደረቁ ምግብ ቢያንስ ከመቶ 0.1፥ በቆርቆሮው ከመቶ 0.2 ነው። የውሻ ምግብ ይህን እንዲያሟላ አይጠየቅም። ስለዚህ የድመቱ ምግብ ባለቀ ጊዜ “ያው ነው” ብሎ የውሻውን ከረጢት የሚሸጥ ባለሱቅ ደንበኛውን እያታለለ መሆኑን ላያውቅ ይችላል፤ ድመቲቱ ግን ወራት ቈይታ ታውቀዋለች።

“እርጥበቱ ተቀንሶ ሲታሰብ” የተባለውን አንዳንድ ሰው ስለማያስተውለው ብዙ ስሕተት ይሠራል። በአንድ ቆርቆሮ ላይ ፕሮቲን ከመቶ 10፥ በአንድ ደረቅ ምግብ ከረጢት ላይ ከመቶ 32 ተብሎ ተጽፎ የሚያይ ደንበኛ ከረጢቱ በሦስት እጥፍ የሚበልጥ ይመስለዋል። ነገር ግን ቆርቆሮው ከመቶ 78 ውሃ፥ ከረጢቱ ከመቶ 10 ውሃ ከሆነ፥ የቆርቆሮው 10 የሚካፈለው ለ22 ነው፤ ውጤቱም ከመቶ 45 ይሆናል። የከረጢቱ 32 ለ90 ሲካፈል ከመቶ 36 እንኳ አይሞላም። ይህን ሒሳብ በመደርደሪያው አጠገብ ቆሞ ለደንበኛው የሚያሳይ ባለሱቅ ከማስታወቂያ ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ሠራ ማለት ነው። ያም ሆኖ ፕሮቲኑ ከምን የመጣ እንደ ሆነ መጠየቅ አይቀርም፤ በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ የሚጻፈው በክብደት የሚበልጠው ነውና፥ በቈሎና በስንዴ የሚጀምረውን ዝርዝር ሥጋ በልዋ ድመት ባታነብበውም የሚገዛላት ሰው ሊያነብላት ይገባል።

ስለ ስሙም እንዲሁ ነው። በዚያው ማኅበር ደንብ መሠረት የዓሣው ስም ብቻውን የምግቡ ስም ሆኖ ከተጻፈ ከታከለበት ውሃ በቀር ከመቶ 95 ዓሣ ሊሆን ይገባዋል፤ “የቱና እራት” የሚል ዓይነት ቃል ከተጨመረበት ከመቶ 25 ይበቃዋል፤ “ከቱና ጋር” ከተባለ ከመቶ 3 ይበቃዋል፤ “የቱና ጣዕም ያለው” ከተባለ ደግሞ ጣዕሙ መታወቁ ብቻ ይበቃል። አራቱም ቆርቆሮዎች ላይ ያማረ የዓሣ ሥዕል አለ። ከ95 እስከ ጣዕም ያለውን መንገድ የሚለየው አንዲት ትንሽ ቃል ናት፤ ትእዛዝ የሚጽፈው ጸሐፊም ቃሊቱን ሳያስተውል ከዘለላት ነጋዴው የሚከፍለው የዓሣ ዋጋ፥ የሚረከበው የዓሣ ሽታ ይሆናል።

በሱቅ ውስጥ የሚበላሸውም ጥቂት አይደለም። የደረቀው ምግብ ስብ ስላለው ከረጢቱ ከተከፈተ በኋላ በአየርና በሙቀት ይሻግታል፥ ይከረፋል። በመስኮት አጠገብ ፀሐይ ላይ የተደረደረ ከረጢት፥ በክረምት እርጥብ መሬት ላይ ያለ እንጨት የተቀመጠ ጆንያ፥ ከፋብሪካው ደህና ሆኖ የወጣውን ምግብ ያበላሹታል። ከዚህም የከፋ ልማድ አለ፤ ትልቁን ከረጢት ከፍቶ በኪሎና በግማሽ ኪሎ እየከፈሉ በተራ ፌስታል መሸጥ ነው። ኪሱ አጭር ለሆነው ገዢ ይጠቅመዋል፤ ስለዚህም ይከልከል ለማለት አያስደፍርም። ነገር ግን በፌስታሉ ውስጥ የምርት ቁጥሩ የለም፤ የማብቂያ ቀኑ የለም፤ የአምራቹም ስም የለም። በ2007 ምግቡ የተሰበሰበው በምርት ቁጥርና በቀን ተለይቶ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በአዲስ አበባ ቢደርስ፥ በፌስታል የገዛችውን እናት ምን ብሎ መጥራት ይቻላል? የከረጢቱን ቁጥርና ቀን በትንሽ ወረቀት ጽፎ በየፌስታሉ ማስገባት፥ ቁጥሩንም በመዝገብ መያዝ ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ሥራ አይደለም።

የታሸገውን ለመግዛት አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው ብዙ ነው፤ እርሱም ቢሆን የነጋዴ ደንበኛ ስለ ሆነ ምክር ሲጠይቅ ሊነፈግ አይገባም። ለድመት ከገበታ የተረፈ ወጥ መስጠት የተለመደ ቢሆንም ደግ አይደለም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚያፈርሱ ደሟ ያንሳል፤ ያለ ሽንኩርት የሚሠራ ወጥ ደግሞ የት ይገኛል? ወተትም ለአደገች ድመት ብዙ ጊዜ ተቅማጥ ያመጣባታል። ሳንባው ደህና ነው፤ ጥሬውን ግን ከመስጠት መቀቀል ይሻላል፤ በጥሬ ሥጋ ድመት የምትይዘው ቶክሶፕላዝማ የተባለ ተሐዋሲ ለእርጉዝ ሴት ጽንስ የሚያሠጋ ነውና። ታውሪኑ ሲቀቀል ወደ መረቁ ስለሚወርድ ጨውና ሽንኩርት ሳይገባበት መረቁም አብሮ ይሰጣት። ያም ሆኖ ሳንባ ብቻውን የተሟላ ምግብ አይደለም፤ አጥንት የለውምና የካልሲየም ጐደሎ ነው።

በዐቢይ ጾም ልኳንዳ ቤቶች በሚዘጉበት ወራት የሚሆነውም መታሰብ አለበት። የመጋዘኗ ድመት አይጥ ስለማታጣ አትቸገርም። በፎቅ ላይ የተዘጋባት ግን ከቤተ ሰቡ ጋር ሽሮ ፍትፍት ስትበላ 55 ቀን ትከርማለች፤ ጾሙ በእርስዋ ላይ አልታወጀባትም። በዚህ ወራት ዓሣ የሚያመጣ፥ ወይም በመጠነኛ ዋጋ ጥሩ ቆርቆሮ የሚያቀርብ ባለሱቅ ገዢ አያጣም።

በዋጋ በኩል የሚነሣው ቅሬታ ግን ጆሮ ሊሰጠው ይገባል። ትንሽ ጭነት የሚያስመጣ ነጋዴ ለእያንዳንዱ ጭነት የገለልተኛ መርማሪን ዋጋ ልክፈል ቢል ትርፉ ሊያልቅ ይችላል። ነገር ግን ከአንድ አምራች የሚገዙ ሦስት ወይም አራት አስመጪዎች ትእዛዛቸውን በአንድ ጊዜ ጽፈው፥ ዕቃው በአንድ መርከብ እንዲመጣ ቢስማሙ፥ ናሙናው አንድ፥ ምርመራው አንድ፥ ወጪውም በየድርሻቸው ይሆናል። በገበያ ተወዳዳሪዎች መሆናቸው ይህን አይከለክላቸውም፤ የጭነት ቦታ ሲጠብ ከዚህ ቀደምም ዕቃቸውን በአንድ ኮንቴይነር አዋሕደው ያመጡ ነጋዴዎች አሉ። ለነገሩ የሚያስፈልገው በንግድ ምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት የሚቀመጥ አንድ መዝገብ ነው፤ በአንደኛው ዓምድ ምርመራ ሲጠየቅ የተስማማው ሻጭ፥ በሁለተኛው ዓምድ ምክንያት ሰጥቶ ያዘገየው፥ በሦስተኛው ዓምድ ከጥያቄው በኋላ ደብዳቤ መመለስ የተወው ይጻፍበታል።